ትምህርት ቤት አልሄድም የሚል ልጅና የሚረዳበት መንገድ

መግቢያ

በመስከረም ወር ትምህርት ሲከፈት፣ ዳግመኛም በየካቲት ወር ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች በር ላይ አንድ ዓይነት ትርኢት ይታያል። የእናቱን ነጠላ ጨብጦ አልለቅም የሚል ሕፃን፣ የሥራ ሰዓት የረፈደባት እናት፣ ሰልፍ ስለ ተጀመረ በሩን ለመዝጋት የቸኮለ ዘበኛ በአንድነት ይቆማሉ። ይህ ልቅሶ በአብዛኞቹ ሕፃናት ዘንድ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው። ልጁ የክፍል ጓደኛ ሲያገኝ፣ የአስተማሪውን ፊት ሲለምድ፣ እናቱም በተባለው ሰዓት ተመልሳ እንደምትመጣ ሲያረጋግጥ በራሱ ይበርዳል። እንዲህ ያለው ልቅሶ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ያለውን ፍቅር የሚያሳይ እንጂ የሚያሠጋ ነገር አይደለም።

ልቅሷቸው ሳይበርድ ሳምንታት የሚያልፉባቸው ልጆች ግን አሉ። ሌሎች ደግሞ ሁለትና ሦስት ዓመት በደኅና ሲማሩ ቆይተው በድንገት ከደጅ አልወጣም ይላሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በየቤቱ የሚሰጠው ፍርድ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ወገን «ልጁ ቀብጧል፤ አርጩሜ ያሻዋል» ሲል፣ ሁለተኛው ወገን «ልጁ ታሟል፤ እስኪሻለው ይረፍ» ይላል። ሁለቱም ፍርዶች ለልጁ ከማሰብ የሚመነጩ ናቸው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ፍርሃቱን ያባብሰዋል፤ ሁለተኛውም ፍርሃቱን ይመግበዋል። ከዚህ ቀጥሎ የችግሩ ምንነት፣ መነሻውና ሥር የሚሰድበት መንገድ፣ በመጨረሻም ወላጆችና መምህራን ተባብረው ልጁን ወደ ትምህርት ገበታው የሚመልሱበት ዘዴ በተከታታይ ይብራራል።

1. የችግሩ ምንነት

በስም መጥሪያ መዝገብ ላይ ቀሪ ተብሎ የሚመዘገብ ተማሪ ሁሉ የሚቀርበት ምክንያት አንድ አይደለም። ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቀሪዎችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንምና።

የመጀመሪያው ቤተሰቡ ያስቀረው ልጅ ነው። ከብት የሚጠብቅ፣ በአዝመራ ጊዜ የሚያግዝ፣ ታናናሾቹን የሚይዝ፣ ወይም ደብተርና የደንብ ልብስ የሚገዛለት ያጣ ልጅ በዚህ ይመደባል። ሁለተኛው ደብተሩን ይዞ ከቤት ከወጣ በኋላ ከትምህርት ቤት ሳይደርስ የሚቀረው፣ በተማሪዎች አነጋገር «የሚፎርፈው» ነው። ይህኛው ቀሪነቱን ከወላጆቹ ይደብቃል፤ ቀኑንም የሚያሳልፈው ከቤት ውጭ ነው። ሦስተኛውና ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ልጅ ከሁለቱም ይለያል። ወላጆቹ ሊልኩት ይፈልጋሉ፤ እርሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ መማርን አይጠላም። ነገር ግን የመሄጃው ሰዓት ሲደርስ ፍርሃትና ጭንቀት ይይዘዋል። ቀኑንም የሚውለው ወላጆቹ እያወቁ በቤቱ ውስጥ ነው።

ይህን ልዩነት በጽሑፍ ካመለከቱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ብሮድዊን ነበር። ብሮድዊን እ.ኤ.አ. በ1932 ባወጣው ጽሑፍ ከትምህርት ቤት ሸሽተው ወደ ቤታቸው የሚሮጡ፣ ከቤት ሲደርሱም የሚረጉ፣ ምክንያቱን ሲጠየቁ ግን ለማስረዳት የማይችሉ ልጆችን ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1941 አዴሌድ ጆንሰንና የሥራ ባልደረቦቿ ለዚሁ ችግር «የትምህርት ቤት ፎቢያ» የሚል ስም ሰጡት። ከዚያ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ግን ልጁ የሚፈራው ሁልጊዜ ትምህርት ቤቱን እንዳልሆነ፣ አንዳንድ ጊዜ ከቤት መለየቱን እንደሆነ ስላስተዋሉ፣ «ትምህርት ቤት መሄድን እምቢ ማለት» የሚለውን ሰፋ ያለ ስያሜ መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1969 ኢያን በርግና ባልደረቦቹ ችግሩ የሚታወቅባቸውን ምልክቶች በአራት ጠቅልለው አቀረቡ። እነርሱም ከትምህርት ገበታ ላይ ለመገኘት ከፍ ያለ ችግር መኖሩ፣ ስለ መሄድ ሲነሣ ብርቱ ጭንቀት መታየቱ፣ ልጁ በወላጆቹ ዕውቅና ከቤት መዋሉ፣ እንደ ስርቆትና ውሸት ያለ ግልጽ የሥነ ምግባር ጉድለት አለመኖሩ ናቸው።

ጥናት በተካሄደባቸው አገሮች በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት ከመቶ ተማሪዎች ከአንድ እስከ አምስት የሚደርሱት በትምህርት ዘመናቸው ይህ ችግር እንደሚያጋጥማቸው ያመለክታል። ወንዶችንም ሴቶችንም ያጠቃል። ከአእምሮ ችሎታ ማነስ ጋርም ግንኙነት የለውም፤ እንዲያውም ከሚያስጨንቃቸው ልጆች መካከል ጎበዝ ተማሪዎች ጥቂቶች አይደሉም። በብዛት የሚታየው በሽግግር ጊዜ ነው፤ ይኸውም ልጁ ትምህርት በሚጀምርበት፣ ከአንድ የትምህርት እርከን ወደ ሌላው በሚሻገርበት፣ ወይም ቤተሰቡ መኖሪያ ቀይሮ አዲስ ትምህርት ቤት በሚገባበት ወቅት ነው።

2. ሰውነት የሚናገረው ቋንቋ

ይህ ችግር ያለበት ልጅ «ፈራሁ» ብሎ በቃል የሚናገርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ሰውነቱ ነው። እሑድ ማታ ልጁ ዝም ዝም ማለት ይጀምራል። ሰኞ ጧት ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ቁርስ ቢቀርብለት አይበላም። «በቃ ዛሬ ቅር» ከተባለ በኋላ ግን ረፋዱ አራት ሰዓት ሳይሆን ሕመሙ ይለቀዋል። ቅዳሜ ሕመም የለም፤ በበዓል ቀን ሕመም የለም።

ይህን የተመለከተ ወላጅ ልጁ አስመሳይ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ይሁንና ድምዳሜው ስሕተት ነው። ሰው በፈራ ጊዜ ልቡ በኃይል ይመታል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ደም ከአንጀት ወደ ጡንቻዎች ስለሚያደላ ሆድ ይታወካል። ስለዚህ የልጁ ሆድ በእርግጥ ይቆርጠዋል። የቁርጠቱ ምክንያት ግን ፍርሃት እንጂ በሽታ አይደለም። ፍርሃቱ ሲወገድ ሕመሙም አብሮ መወገዱ ይህንኑ ያስረዳል።

ነገሩን ጨበጥ ለማድረግ አንዲት የስምንት ዓመት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ በምሳሌነት ትታሰብ። በአንደኛው መንፈቀ ዓመት ሳታቋርጥ ተምራለች። በእረፍቱ ሰሞን እናቷ ሕፃን ወልዳ አራስ ቤት ገባች፤ ለማረስም አያቷ ከአገር ቤት መጡ። በየካቲት መጀመሪያ ልጅቷን ጉንፋን ይዟት አንድ ሳምንት ከትምህርት ቀረች። በተመለሰችበት ቀን መምህሩ ባልተማረችው የሒሳብ ጥያቄ ወደ ሰሌዳ አወጧት። ጠመኔውን ይዛ ቆመች፤ ከኋላ ሳቅ ተሰማ። በማግሥቱ ሆዷን ቆረጣት። እናትም አራስ ናትና ጎኗ አስተኛቻት፤ አያትም ለአራሷ ከተሠራው አጥሚት ቀዱላት። በሦስተኛው ቀን አባት ቀበቶውን ፈትቶ እየገረፈ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ወሰዳት፤ እርሱ ሲመለስ እርሷም በሌላ መንገድ ሮጣ ከቤት ደረሰች። በሦስተኛው ሳምንት፣ ጧት ጧት ከደጅ እየተጣሩ ይወስዷት የነበሩት የጎረቤት ልጆች መጥራታቸውን ተዉ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ያለ ማንም ሰው ክፉ አላደረገም ማለት ይቻላል። መምህሩ ያስተምራሉ፤ እናት ትራራለች፤ አያት ይንከባከባሉ፤ አባት የልጁ የወደፊት ዕድል ያሳስበዋል። ሆኖም የሁሉም ድርጊት ተደምሮ ልጅቷን ከትምህርት ገበታዋ አራቃት።

3. የእምቢታው መነሻዎች

ክሪስቶፈር ኪርኒና ዌንዲ ሲልቨርማን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ባቀረቧቸው ጽሑፎች፣ «ልጁ ምን ሆኖ ነው?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ከቤት መዋሉ ለልጁ ምን ያስገኝለታል?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ወደ መፍትሔ እንደሚያደርስ አሳይተዋል። በእነርሱ አከፋፈል መልሱ ከአራት ነገሮች በአንዱ ወይም በብዙዎቹ ላይ ያርፋል።

ሀ/ ከሚያስጨንቅ ነገር ለመራቅ። ልጁ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚፈራው አንድ የተወሰነ ነገር ሊኖር ይችላል። የመምህር ቁንጥጫና አርጩሜ፣ በር የሌለው ወይም ጨለማ የሆነ መጸዳጃ ቤት፣ በመንገድ ላይ የሚያሳድድ ውሻ፣ በእረፍት ሰዓት ግቢውን የሚሞላው ግፊያና ጩኸት ከዚህ ይቆጠራሉ። ለትልቅ ሰው ኢምንት የሆነው ነገር ለትንሽ ልጅ ተራራ ነው። ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይዞ የሚውል ልጅ በትምህርቱ ሊደሰት አይችልም።

ለ/ በሰው ፊት ከመታየትና ከመመዘን ለመራቅ። ይህ በተለይ ከአሥር ዓመት በላይ በሆኑ ልጆች ዘንድ ይበዛል። በክፍል ፊት ቆሞ ማንበብ፣ የፈተና ውጤት በጩኸት መነበቡ፣ በልብስ ወይም በአነጋገር መሣቂያ መሆን፣ ከቡድን መገለል ልጁን ያሸማቅቁታል። በቤቱ ከሚናገረው ቋንቋ በተለየ ቋንቋ የሚማር ልጅም አንዲት ቃል በመሳቱ የሚደርስበት ሳቅ ለወራት አፉን ሊዘጋው ይችላል።

ሐ/ ከወላጅ ላለመለየት። ልጁ የሚፈራው ትምህርት ቤቱን ሳይሆን እርሱ በሌለበት ቤት ውስጥ የሚሆነውን ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ስለ መለየት በሚናገረው መጽሐፉ፣ ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች እናታቸው ትታመማለች ወይም ትሞታለች፣ ወይም ቤተሰቡ ይፈርሳል በሚል ሥጋት የተያዙ መሆናቸውን አመልክቷል። በቤት ውስጥ ሞት ከደረሰ፣ ወላጅ ከታመመ፣ አባትና እናት ከተጣሉ፣ እናት ለሥራ ወደ ውጭ አገር ከሄደች፣ ወይም አዲስ ሕፃን ከተወለደ በኋላ የሚጀምር እምቢታ ወደዚህ ያመለክታል።

መ/ በቤት ያለውን ጥቅም ለማግኘት። ከቤት የዋለ ልጅ እንደ ልቡ የሚተኛ፣ ቴሌቪዥን የሚያይ፣ በስልክ የሚጫወት ከሆነ፣ ሌላው ምክንያት ቢጠፋ እንኳ ይህ ብቻውን እምቢታውን ሊያቆየው ይችላል።

እላይ በተጠቀሰችው ልጅ ላይ ሦስቱ ተደራርበው ይታያሉ። በሰሌዳው ፊት ያፈረችው ኃፍረት አስወጣት፤ ከእናቷና ከአዲሱ ሕፃን ላለመለየት ያላት ፍላጎት ወደ ቤት ሳባት፤ በእናቷ ጎን የጠጣችው አጥሚት ደግሞ አቆያት።

4. ፍርሃት ሥር የሚሰድበት መንገድ

አንድ ልጅ ፈርቶ ወደ ትምህርት ቤት በር ሲቃረብ ጭንቀቱ ይጨምራል። ከበሩ ላይ ሲመለስ ጭንቀቱ ወዲያው ይወድቃል። ይህ እፎይታ እጅግ ጣፋጭ ነው። አእምሮም ከእፎይታው አንድ ትምህርት ይወስዳል፤ «የዳንሁት በመሸሼ ነው» የሚል። በማግሥቱ የመሸሽ ፍላጎቱ ከትናንቱ ይበረታል። ልጁ ፍርሃቱ ከንቱ መሆኑን የሚማርበትን ዕድል በየቀኑ ይነፈጋል።

በዚህ ላይ ቀሪነቱ ራሱ አዳዲስ ምክንያቶችን ይወልዳል። ያልተማረው ትምህርት ይከማቻል። ጓደኞቹ ሌላ ጓደኛ ይይዛሉ። «የት ጠፍተህ ነው?» የሚለው ጥያቄ ያስፈራዋል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የነበረው ፍርሃት በአምስተኛው ሳምንት አራትና አምስት ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ችግር ላይ ጊዜ ገለልተኛ አይደለም፤ ከፍርሃቱ ጋር ወግኖ ይሠራል። ልጁ በራሱ ይተወዋል ተብሎ የሚጠበቅበት ጊዜ ሁሉ መመለሻውን ያከብደዋል። የሁለተኛ ክፍል ቀሪነት ክፍል ወደ መድገም፣ ክፍል መድገም ደግሞ ከትናንሽ ልጆች ጋር መቀመጥን ወደ መጥላት፣ ይህም ትምህርትን ፈጽሞ ወደ መተው ሊያደርስ ይችላል።

ዱላስ? ዱላ ልጁን እስከ በሩ ሊያደርሰው ይችላል። ነገር ግን ቀድሞ በትምህርት ቤት ላይ የነበረውን ፍርሃት አያጠፋም፤ በላዩ የቤት ፍርሃት ይጨምርበታል። ከዚያም በላይ ልጁ የልቡን የሚያዋየው ሰው ያጣል። የችግሩ መነሻ ተደፍሮ የማይነገር ነገር በሆነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ልጁ በመንገድ ወይም በግቢ ውስጥ ተደብድቦ ወይም ተነውሮ ከሆነ፣ በዱላ የተዘጋ አፍ ብዙ ዋጋ ያስከፍላል።

5. ቀዳሚ እርምጃዎች

አንደኛ፣ ልጁን በጤና ጣቢያ ማስመርመር ነው። የሆድ ቁርጠት የወስፋት፣ የራስ ምታት የዓይን ድካም ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው የማይታየው ወይም የመምህሩ ድምፅ በደንብ የማይሰማው ልጅ ችግሩን አያውቀውም፤ ሌላውም ሰው እንደ እርሱ የሚያይና የሚሰማ ይመስለዋል። ምርመራው አንድ ጊዜ በሚገባ መደረግ አለበት። ደኅና ነው ከተባለ በኋላ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት መመላለስ ግን ልጁን በሽተኛ ነኝ ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ ልጁን መጠየቅ ነው። የጥያቄው ጊዜና አጠያየቅ ወሳኝ ናቸው። በጧቱ ጥድፊያ «ምን ሆነህ ነው? ተናገር!» የተባለ ልጅ መልስ የለውም። ከሰዓት በኋላ ወይም በምሽት፣ ቡና ሲፈላ ወይም በመንገድ አብሮ ሲኬድ በርጋታ መጠየቅ ይሻላል። «ለምን?» ከሚለው ይልቅ ዝርዝር ጥያቄ ይጠቅማል። ከቀኑ ክፍሎች የትኛው ይከብዳል፤ መንገዱ፣ ሰልፉ፣ ክፍሉ ወይስ እረፍቱ? ከማን አጠገብ ይቀመጣል? በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ይጫወታል? ትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤቱን በሥዕል እንዲያሳዩ ወይም አስተማሪና ተማሪ ሆነው እንዲጫወቱ ቢደረግ በቃል ያላወጡትን ያወጡታል። ልጁ ሲናገር «ይህማ ምን ያስፈራል!» ብሎ ማቃለል አይገባም።

ሦስተኛ፣ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋር መነጋገር ነው። የስብሰባው ዓላማ ጥፋተኛ መፈለግ መሆን የለበትም። ሁለቱም ወገኖች የየበኩላቸውን ዕውቀት ይዘው ይቀርባሉ፤ መምህሩ የልጁን የክፍል ውሎ፣ ወላጁ የልጁን የቤት ሁኔታ። በምሳሌነት የተጠቀሰችው ልጅ መምህር በቤቷ ሕፃን መወለዱን አያውቁም ነበር፤ አባትም ስለ ሰሌዳው ነገር የሰማው ነገር አልነበረም። ሁለቱ እውነቶች ሲገናኙ መፍትሔው ግማሽ መንገድ ይመጣል።

6. የመመለሻው ዕቅድ

በዚህ ችግር ላይ የተደረጉ ጥናቶች በአብዛኛው በአንድ ነጥብ ይስማማሉ፤ ዋናው ሕክምና ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ነው። ዋላስ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ 50 ልጆች ባወጣው ጽሑፍ፣ ችግሩ አዲስና ድንገተኛ በሆነበት ጊዜ ልጁን ሳይውሉ ሳያድሩ በጽናት መመለስ መልካም ውጤት እንዳስገኘ ገልጿል። ናይጀል ብላግና ዊልያም ዩል እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝ አገር ሦስት ዓይነት ርዳታ ያገኙ ልጆችን አነጻጽረው ነበር። ከቤተሰብና ከትምህርት ቤት ጋር በተቀናጀ ዕቅድ ወደ ክፍላቸው ከተመለሱት 30 ልጆች መካከል ከመቶ 93 ያህሉ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲሳካላቸው፣ በሐኪም ቤት ተኝተው ከታከሙት ከመቶ 38 ያህሉ፣ በቤታቸው ሆነው አስተማሪ ከተመደበላቸው ደግሞ ከመቶ 10 ብቻ ተሳክቶላቸዋል። ልጆቹ በዕጣ የተመደቡ ባለመሆናቸው ቁጥሮቹን በጥንቃቄ መመልከት ቢገባም፣ ከቤት እያዋሉ ማስተማር የተሻለ ርኅራኄ መስሎ እየታየ ልጁን እንደማይጠቅም ያስገነዝባሉ።

እምቢታው ከጀመረ ቀናት ብቻ ከሆነው ልጁን ወዲያውኑ ለሙሉ ቀን መመለስ ይበጃል። ሳምንታትና ወራት ከሆነው ግን መመለሻው እንደ መሰላል በደረጃ ቢሠራ ይመረጣል። ለተጠቀሰችው ልጅ የሚከተለው ዓይነት ዕቅድ ሊወጣ ይችላል።

ቅዳሜ ግቢው ባዶ በሆነበት ሰዓት ከአባቷ ጋር እስከ ትምህርት ቤቱ በር ደርሳ ትመለሳለች። ሰኞ ከሰልፍ በፊት ገብታ መምህሯን በቢሮ ሰላም ትላለች፤ ከዚያም ሁለት ክፍለ ጊዜ ተምራ ትመለሳለች። ረቡዕ እስከ እረፍት፣ ዓርብ ከእረፍት በኋላ ያለውንም ክፍለ ጊዜ ጨምራ ትቆያለች። በሁለተኛው ሳምንት ቀኑን ሙሉ ትማራለች። በየደረጃው ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ ደረጃው አስቀድሞ ለልጅቷ ይነገራል፤ ድንገተኛ ነገር አይጨመርባትም። ሁለተኛ፣ የተደረሰበት ደረጃ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ቢከብዳት በዚያው ደረጃ አንድ ቀን ይደገማል። ሦስተኛ፣ ፍርሃቷ በበረታበት ቅጽበት አትወጣም። ፍርሃት እንደ አቀበት ነው፤ ጫፉ ላይ ከደረሰ በኋላ በራሱ ይወርዳል። ልጅቷ መውረዱን በክፍሏ ውስጥ ሆና ካየች በማግሥቱ አቀበቱ ያጥርላታል።

የቤቱ ጧትም ሊታሰብበት ይገባል። ደብተሩና ልብሱ ማታ ይዘጋጃል። ጧት ስለ መሄድና አለመሄድ ክርክር አይከፈትም፤ «ሆድሽን እንደሚቆርጥሽ እናውቃለን፤ ስትገቢ ይለቅሻል፤ በስድስት ሰዓት አባትሽ ከበሩ ላይ ይቆምልሻል» የሚለው አጭር ቃል ይበቃል። የተባለው ሰዓት በደቂቃም ቢሆን መተላለፍ የለበትም። እናት ስትለይ ሆድ የሚብሳት ከሆነ፣ መለየቱ ለሚቀልለት ለአባት፣ ለታላቅ ወንድም ወይም ለአክስት የማድረሱ ሥራ ቢሰጥ መልካም ነው፤ የወላጅ ዕንባ ለልጅ የአደጋ ምልክት ነውና። ልጅቷ በእርግጥ ከቤት የዋለች እንደሆነ ደግሞ ቀኑ እንደ ትምህርት ቀን ይዋል፤ ደብተሯን ይዛ ትቀመጥ፤ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ ከአራሷ ጎን መተኛት ይቅር። ያ ጊዜ ግን ፈጽሞ አይነፈጋትም፤ ከትምህርት ስትመለስ ሕፃኑን አቅፋ ከእናቷ ጋር የምትቀመጥበት የራሷ ሰዓት ይሰጣታል። አጥሚቱም ያን ጊዜ ይቀዳላት። ለመቅረት ይገኝ የነበረው ደስታ ለመሄድ ሲሰጥ ሚዛኑ ይለወጣል።

7. የትምህርት ቤቱ ድርሻ

ወላጆች የቱንም ያህል ቢደክሙ፣ ልጁ የሚመለስበት ክፍል የሚያስፈራ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ስለዚህ አርጩሜ፣ ማንበርከክና ቁንጥጫ የማስተማሪያ ዘዴ ስለ መሆን አለመሆናቸው የሚያከራክር ነገር የለም።

ከዚህ አልፎ መምህሩ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ነገሮችን ሊያደርግ ይችላል። ልጁ በተመለሰበት ቀን በስሙ ጠርቶ መቀበል፣ ስለ ቀረበት ምክንያት በክፍል ፊት አለመጠየቅ፣ ደግ ጠባይ ካለው ተማሪ ጋር ማስቀመጥ፣ ጠመኔና ማጥፊያ የማምጣትን የመሰለ ትንሽ ኃላፊነት መስጠት፣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ሰሌዳ አለማውጣት፣ ያለፈውን ትምህርት በጥቂት በጥቂቱ ማስያዝ ልጁን ያደላድሉታል። ዲሬክተሩ በበኩሉ ዘበኛው ያረፈደውን ልጅ ከበር እንዳይመልሰው፣ መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕና በር ያለው እንዲሆን፣ በእረፍት ሰዓት ተረኛ መምህር በግቢው እንዲዘዋወር ማድረግ ይጠበቅበታል። ታናናሾችን የሚያስፈራሩ ታላላቅ ተማሪዎች ካሉ፣ መፍትሔው የተበደለውን ልጅ «ታገሥ» ማለት ሳይሆን በደሉን ማስቆም ነው።

የስም መጥሪያ መዝገብም ከቁጥር መሰብሰቢያነት የበለጠ አገልግሎት አለው። በሰኞ ቀናት ብቻ፣ የሰውነት ማጎልመሻ ባለበት ቀን ብቻ፣ ወይም የአንድ መምህር ክፍለ ጊዜ ባለበት ቀን ብቻ የሚቀር ልጅ መዝገቡ ላይ ፍርሃቱን እየጻፈ ነው። መዝገቡን በየሳምንቱ የሚመረምር መምህር ችግሩን በሦስተኛው ቀን ሊደርስበት ይችላል፤ የማይመረምር ግን የሚደርስበት ልጁ ከመዝገቡ ከተሰረዘ በኋላ ነው።

8. ታላላቅ ልጆችና የባለሙያ ርዳታ

ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ በሆነው ልጅ ላይ የሚታየው እምቢታ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ የሚመጣና ለመመለስም የሚያዳግት ነው። ትልቅ ልጅን ጎትቶ መውሰድ አይቻልም፤ ዕቅዱን ራሱ እንዲያወጣው፣ ደረጃዎቹንም ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ሴት ልጅ በወር አበባዋ ጊዜ በውኃና በመለወጫ ቦታ እጦት የምትቀር እንደሆነም በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ይህ የፍርሃት ሳይሆን የመገልገያ ጉዳይ ነውና።

ልጁ ቀድሞ ይወዳቸው የነበሩትን ነገሮች ሁሉ ከተወ፣ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ቅዳሜና እሑድም የማይለቀው ኀዘን ከታየበት፣ ወይም መኖር እንደ ጠላ ከተናገረ ጉዳዩ ከትምህርት ቤት ፍርሃት አልፏል። ቃሉ እንደ ዛቻ ሳይቆጠር በአስቸኳይ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወዳለበት ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። እንደዚሁም ተደፍሬአለሁ ወይም ተነውሬአለሁ የሚል ልጅ ሲገኝ፣ ወደዚያው ቦታ መልሶ ከመላክ በፊት ጉዳዩ ለሕግ መቅረብና የልጁ ደኅንነት መረጋገጥ አለበት።

ማጠቃለያ

ከላይ በዝርዝር እንደተገለጸው፣ ትምህርት ቤት አልሄድም የሚል ልጅ ሰነፍም ቅብጥም ላይሆን ይችላል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ የሚፈራው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሊወገድ ወይም ሊለመድ የሚችል ነው። ስለሆነም ልጁ ከታላላቆቹ የሚፈልገው ሁለት ነገር በአንድነት ነው፤ ፍርሃቱን የሚሰማለት ጆሮና ወደ ክፍሉ የሚመራው ጽኑ እጅ። ጆሮ ያለ እጅ ልጁን ከቤት ያስቀረዋል፤ እጅ ያለ ጆሮ ደግሞ ልቡን ያሸፍተዋል።

መመለሱም የነገሩ ፍጻሜ አይደለም። ከፋሲካ እረፍት፣ ከጉንፋን ሳምንት፣ ከክረምቱ ወራት በኋላ የቀድሞው ቁርጠት ብቅ ሊል ይችላል። ይህ የዕቅዱ መክሸፍ ስላልሆነ ሊያስደነግጥ አይገባም። ወላጅና መምህር በእነዚህ ቀናት ዋዜማ ተገናኝተው የመጀመሪያውን ጧት ካዘጋጁ፣ ባለፈው ጊዜ ሳምንታት የፈጀው መንገድ በአንድና በሁለት ቀን ይታለፋል። በምሳሌነት የተጠቀሰችውም ልጅ በዚህ ዓይነት ብትረዳ፣ በመጪው መስከረም ሆዷን ትንሽ ሊቆርጣት ይችላል፤ ቢቆርጣትም ከጎረቤት ልጆች ጋር ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች።